ልብን መሰብሰብ በሕፃናት ክፍል

መምህር «ልብ በሉ!» ሲል ተማሪው ዓይኑን ወደ ሰሌዳው ይመልሳል። ልብን መመለስ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። ፈረንጆቹ «ማይንድፉልነስ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ «ልብን መሰብሰብ» ብለው ይሻለኛል። ለሕፃናት ሲሰጥ ምንም ውስብስብ ነገር የለውም። ደወል ይደወልና ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ያዳምጣሉ። ወይም በጀርባቸው ተኝተው፣ ሆዳቸው ላይ የተቀመጠች ትንሽ አሻንጉሊት በትንፋሻቸው ከፍ ዝቅ ስትል ይመለከታሉ። ሐሳባቸው ሲሸሽባቸው ራሳቸውን ሳይወቅሱ መመለስን ይለማመዳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ምንጩ የቡድሂዝም ተመስጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ሃይማኖታዊ መልኩን ትተው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለታማሚዎች ማስተማር ጀመሩ። ወደ ትምህርት ቤቶች የተዛመተው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም። በሰሜን ጎንደር፣ ከዳባትና ደባርቅ እስከ ጃናሞራ፣ በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ሕፃኑ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ በ«ቁጥር» ያነባል፤ ከዚያ ወደ ግዕዝ ንባብ፣ ወደ ውርድ ንባብና ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። ዓይን፣ ጣት፣ ድምፅና ትንፋሽ አንድ ፊደል ላይ ይገናኛሉ። ሲመሽ ደግሞ ያለ መጽሐፍ የቃል ትምህርት ይቀጥላል። በቁርአን ቤት ሉሁን ይዞ የሚቀራውም ልጅ ከዚህ የራቀ አይደለም። ነገር ግን በየኔታ ዘንድ ልቡ የሸሸ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በአለንጋ ነበር፤ የአዲሱ ዘዴ ትልቁ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት ይጠብቃል።

ሕግ ካነሳን አይቀር፣ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ዳዊት መድገምም ሆነ የቡድሂስት ጸሎት ቦታ የለውም። ትንፋሽን ማዳመጥ ግን፣ በእኔ ንባብ፣ የማንንም እምነት አይነካም። ወላጆች ቀድመው ቢነገራቸው ደግሞ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ውጤቱን አናጋን። በእንግሊዝ 85 ትምህርት ቤቶችንና ከ8 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ትምህርቱ ቀድሞ ከሚሰጠው የማኅበራዊና የስሜት ትምህርት የበለጠ ጥቅም አላስገኘም ብሏል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤታቸው ሲገቡ አልተለማመዱትም። እርግጥ ነው፣ ጥናቱ ፊደል ቆጣሪ ሕፃናትን አይመለከትም፤ ቢሆንም ተአምር ለሚጠብቅ ሰው ልጓም ነው።

ጃናሞራ ላይ ጥያቄው ከዚህም ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ቀርቶ በወረዳው ድርቅ ሲገባ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ብዙ ነበሩ። ጎረቤት ዳባት ደግሞ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተጨፍጭፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የራበውን ልጅ «ትንፋሽህን አዳምጥ» ማለት ለእኔ ከስላቅ አይተናነስም። ተኩስ የሰማ ልጅም ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ በል ሲባል ያ ድምፅ ሊመለስበት ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩ መሬት መርገጡን እያስተዋለ፣ ካልፈለገም ትቶ መውጣት እንዲችል ሆኖ ቢሰጠው ይሻላል፤ መምህሩም ይህን ለይቶ ለማወቅ መሠልጠን አለበት።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ምገባውን አስቀድሜ፣ ልምምዱን ከምግብ በኋላ አደርገው ነበር። ለትንንሾቹ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ደወሉ እንደሆነ ግዢ አያስፈልገውም፤ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ዛፍ ላይ ያንጠለጠለው አሮጌ ቸርኬ አለ፣ አንዴ ሲመታ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም።