ከገብስ ማሳ እስከ ማይግሬን ክኒን፦ የኤርጎት ታሪክ

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚዘልቀው የደጋ መንገድ ላይ የምትገኘው መዘዞ የገብስ አገር ናት። በደጋው ገብስ መካከል ሲናር ሳይዘራ ይበቅላል፤ ሳይለቀምም ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይፈጫል። በሲናርና በመሰል የሣር ዝርያዎች አበባ ላይ የሚያድር ኤርጎት የተባለ ሻጋታ አለ። በፍሬው ፋንታ ጥቁርና ጠንካራ፣ ጥፍር መሰል ነገር ያወጣል። የማይግሬን ሕክምና ታሪክ ከዚህ ሻጋታ ጋር የተቆራኘ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ኤርጎት የገባበትን የራይ ዳቦ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው በእሳት እንደተለበለበ እየቆጠቆጣቸው ጠቁሮ ይቆረጥ ነበር፤ ሕመሙም «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ተባለ። አዋላጆች ግን ይህንኑ መርዝ ማሕፀንን ለማኮማተር ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ኦይለንቡርግ የኤርጎትን ጭማቂ ለማይግሬን ሞከረው፤ በ1918 አርተር ሽቶል በስዊዘርላንድ ኤርጎታሚንን ለይቶ አወጣ። በ1938 ደግሞ ግራሃምና ዎልፍ መድኃኒቱ የጆሮ ግንድ ደም ቅዳን ትርታ ሲቀንስ ራስ ምታቱም አብሮ እንደሚበርድ አሳዩ። ማይግሬን ለረጅም ዘመን የደም ሥር በሽታ ተደርጎ የተቆጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ መነሻው አንጎልና የትራይጀሚናል ነርቭ መሆኑ ታውቋል።

በአገራችን ኤርጎት የታወቀው በመድኃኒትነቱ ሳይሆን በጉዳቱ ነው። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ሲናር የተቀላቀለበት እህል ወደ 140 የሚጠጉ ሰዎችን በጋንግሪን አሳመመ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ ተመሳሳይ ወረርሽኝ በገብስ ምክንያት ታየ።

ያው ጉዳት ግን ያለ ሲናርም ሊመጣ ይችላል። ኤርጎታሚን የሚወስድ ሰው ሪቶናቪር ያለበትን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት፣ ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን ቢጨመርለት ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ ስለሚሳነው እጅና እግሩ በጥቂት ቀናት ሊቀዘቅዝና ሊጠቁር ይችላል። ሪቶናቪር በሁለተኛው መስመር ሕክምና ውስጥ ይገኛል፤ ታካሚው ደግሞ ራሱን ብሎ ሲመጣ ስለ ሌላው መድኃኒቱ ሳይጠየቅ አይናገርም። ለነፍሰ ጡር፣ ለልብ ሕመምተኛና ደም ግፊቱ ላልተስተካከለም ኤርጎታሚን አይሰጥም።

ችግሩ የጥቂቶች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የገጠር ጥናት የማይግሬንን ስርጭት 3 በመቶ አድርጎት ነበር፤ እርሳቸው የተሳተፉበት የ2016ቱ ጥናት ግን 17.7 በመቶ አደረሰው። ልዩነቱ በአብዛኛው የአጠያየቅ ይመስላል። ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ፣ አንድ ወገን የሚወቅር፣ ማቅለሽለሽና ብርሃን መጥላት ያለበት ራስ ምታት በሕዝቡ ዘንድ «ምች» ተብሎ በዳማከሴ ይታከማል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የለመዱትን ቡና መተው ይቀሰቅሱታል።

አብዛኛው ታካሚ ሕመሙ እንደጀመረ በሚወሰድ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ይሻለዋል፤ ለሚመላለስበት ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ሱማትሪፕታንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። ኤርጎታሚን የሚወስድ ታካሚ ጣቶቹ ደነዘዙ ወይም ቀዘቀዙ ሲል ክኒኑ በዚያው ሰዓት ቆሞ፣ የእጁና የእግሩ የደም ትርታ ተዳስሶ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።