የቅርቡ ኮከብና የዘገየው መዝገብ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በእግሩ የሚጓዝ ሰው፣ በመንገድ ዳር ያለችው ዋርካ ወደ ኋላ ስትሸሽ፣ የሩቁ ተራራ ግን አብሮት የሚሄድ ሲመስል ያያል። የከዋክብት ርቀት የተለካው በዚሁ ምሥጢር ነው። ምድራችን ፀሐይን ስትዞር እኛ መንገደኞች ነን፤ ቅርብ የሆነውም ኮከብ እንደ ዋርካይቱ ከሩቆቹ መካከል እጅግ በጥቂቱ ፈቀቅ ሲል ይታያል።

በግንቦት ወር ሰማይ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቆመን ወደ ደቡብ ወደ ዓባይ ማዶ ብንመለከት፣ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብለው ሁለት ብሩሃን ከዋክብት ጎን ለጎን እናያለን። በግራ ያለውና ይበልጥ የሚያበራው አልፋ ሴንታውሪ ይባላል። ከለንደንና ከበርሊን ከቶ አይታይም።

ርቀቱም የተለካው ከአፍሪቃ ምድር ነው። አስቀድሞ የሕግ ጸሐፊ የነበረው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሄንደርሰን በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ የከዋክብት መመልከቻ ሹም ሳለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1832 እና በ1833 ኮከቡን ተመለከተ። ነገር ግን ውጤቱን ተጠራጥሮ ሳያወጣው አቆየው። በ1838 ጀርመናዊው ቤሰል የሌላ ኮከብ ርቀት አስታወቀና ቀዳሚነትን ወሰደ፤ ሄንደርሰን የራሱን የገለጸው በ1839 ነበር።

ለዓይን አንድ የሚመስለው ይህ ኮከብ በእውነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ከፀሐያችን በክብደት ጥቂት ይበልጣል፤ ብርሃኑም አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ሁለተኛው በክብደት ያንሳል፤ ብርሃኑም የፀሐይን ግማሽ ያህላል። ሁለቱ በ80 ዓመት ገደማ አንዱ ሌላውን ይዞራል። ሦስተኛውን፣ ፕሮክሲማን፣ ሮበርት ኢንስ በ1915 ከጆሃንስበርግ አገኘው። ክብደቱ የፀሐይ አንድ ስምንተኛ ያህል ሲሆን ያለ መነጽር አይታይም፤ ሆኖም ከፀሐይ በቀር ከከዋክብት ሁሉ ለእኛ የቀረበ እርሱ ነው። የፀሐይ ብርሃን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሲደርሰን፣ የፕሮክሲማ ግን 4 ዓመት ከ3 ወር ያህል ይጓዛል። እነዚያ በቤተ ሰብ ሲኖሩ ፀሐያችን ብቸኛ ናት።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንታችን የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቆጥረው በዓላትንና አጽዋማትን ሲያስታውቁ ኖረዋል፤ ስለዚህ ሰማይን የሚመለከት ዓይን አልጎደለንም። የሄንደርሰን ታሪክ የሚያስተምረን ግን፣ አይቶና ለክቶ በሣጥን መቆለፍ እንዳላዩ መሆን መሆኑን ነው። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች «ፍጹም ይሁን» እያልን በመሳቢያ ያስረጀነው መዝገብ አናጣም። የቡሬ ተማሪ የበርሊን ተማሪ የማያየውን ኮከብ ከደጁ ያያል፤ እንግዲህ ያየውን ይጻፍ፣ የጻፈውንም በጊዜው ያውጣ።