በተቆለፉ አነስተኛ ዋጋ ታብሌቶች ላይ አማራጭ ስርዓተ ክወና ስለ መጫን ማወቅ የሚገባ መረጃ

በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ወይም ከውጭ አገር በስጦታ የሚላኩ በርካታ ታብሌቶች አምራቹ በመረጠው ስርዓተ ክወና ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው የተቆለፉ ናቸው። አምራቹ የደኅንነት ማዘመኛ መላክ ሲያቆም፣ ወይም ተጠቃሚው የሚፈልጋቸው መተግበሪያዎች በታብሌቱ ላይ ሳይገኙ ሲቀሩ፣ ሌላ ስርዓተ ክወና ስለ መጫን ጥያቄ ይነሳል። ይህ መረጃ የመቆለፍን ምንነት፣ የትኞቹ ታብሌቶች ለውጥ እንደሚቀበሉ፣ ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶችን፣ የሕግ ሁኔታውን እና ከሥራው በፊት መሟላት ያለባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ያብራራል።

1. ታብሌት ተቆልፏል ማለት ምን ማለት ነው?

ማንኛውም ታብሌት ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በፋብሪካ በቺፑ ውስጥ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ቡትሎደር የተባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ይጠራል፤ ቡትሎደሩም በበኩሉ ስርዓተ ክወናውን ያስነሳል። በተቆለፈ ታብሌት ላይ ቡትሎደሩ ስርዓተ ክወናው የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ያለው መሆኑን ይመረምራል። ፊርማው ከሌለ ወይም ከተለወጠ ስርዓቱን አያስነሳም።

መቆለፉ ሁለት ዓላማዎች አሉት። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው፦ ታብሌቱን የሰረቀ ሰው ወይም ጎጂ ፕሮግራም ስርዓቱን በድብቅ እንዳይቀይር ይከላከላል። ሁለተኛው የንግድ ዓላማ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች መሣሪያውን በርካሽ ሸጠው በኋላ ከመጻሕፍት፣ ከፊልም፣ ከመተግበሪያ ሽያጭና ከማስታወቂያ ገቢ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ደንበኛው ከእነርሱ ስርዓት እንዳይወጣ ይፈልጋሉ።

ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነው የአማዞን ፋየር ታብሌት ነው። ባለ 7 ኢንች ፋየር ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ገበያ በ49.99 ዶላር ቀርቧል። የሚሠራበት ፋየር ኦኤስ ለሁሉም ክፍት በሆነው የአንድሮይድ ኮድ ላይ የተገነባ ቢሆንም፣ የጉግል ፕሌይ መደብርን አብሮ አልያዘም፤ በምትኩ የአማዞን መደብር አለው። በዝቅተኛው ዋጋ የተገዛው ታብሌት በመቆለፊያ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ያሳያል። በመሆኑም በአሜሪካ ከሚኖር ዘመድ እንዲህ ዓይነት ታብሌት የተላከለት ሰው በጉግል ፕሌይ ብቻ የሚገኙ መተግበሪያዎችን በቀጥታ መጫን አይችልም።

2. ቅንብር መቀየርና ስርዓተ ክወና መቀየር

እነዚህ ሁለት ተግባራት የተለያዩ በመሆናቸው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕፃናት ኮምፒውተር በማዳረስ የሚታወቀው ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለ ድርጅት በወንጪና በወሎንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ ኃላፊዎች በወቅቱ በይፋ እንደገለጹት፣ በታብሌቶቹ ላይ የገጽ ቅንብር እንዳይለወጥ የሚያግድ ፕሮግራም ተጭኖ ካሜራውም ተዘግቶ ሳለ፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ገጾቹን እንደየፍላጎታቸው አስተካክለው ካሜራውንም አስነስተዋል። ልጆቹ ያለፉት የቅንብር እገዳ ነው፤ ስርዓተ ክወናው ግን አልተለወጠም።

ብዙ ተጠቃሚዎች የሚፈልጉት ለውጥም በቅንብር ደረጃ የሚፈታ ነው። ስለዚህ ስርዓተ ክወና ለመቀየር ከመወሰን በፊት የሚከተሉትን መሞከር ይመከራል፦

• የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በመተግበሪያ መልክ መጫን። በአንድሮይድ ላይ በተመሠረቱ ዘመናዊ ስርዓቶች የግዕዝ ፊደል አብሮ ስለሚገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የመጻፊያ ሰሌዳው ብቻ ነው።
• የማያስፈልጉ መተግበሪያዎችን ማሰናከልና የማከማቻ ቦታ ማስለቀቅ።
• ታብሌቱ ከዘገየ፣ መረጃን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ።
• አምራቹ የለቀቀውን የመጨረሻ ማዘመኛ መጫን።

እነዚህ እርምጃዎች ችግሩን ከፈቱ ስርዓተ ክወና መቀየር አያስፈልግም።

3. ታብሌቶች በሦስት ምድብ ይከፈላሉ

ሀ. አምራቹ መክፈትን የሚፈቅድላቸው፦ በእነዚህ ላይ «የገንቢ አማራጮች» በተባለው የቅንብር ክፍል ውስጥ «የኦኢኤም መክፈቻ» የሚል ምርጫ ይገኛል። ምርጫው ሲበራና የአምራቹ ሥርዓት ሲከተሉት ቡትሎደሩ በሕጋዊ መንገድ ይከፈታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ7 ባለ 10.4 ኢንች፣ ሊኔጅ ኦኤስ የተባለው ነጻ ስርዓተ ክወና ይፋዊ ድጋፍ ካደረገላቸው ታብሌቶች አንዱ ነው። ሊኔጅ ኦኤስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሳያኖጅን ሞድ የተባለው ሥራ ሲቋረጥ እርሱን ተክቶ በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረ ነው። ሆኖም የሳምሰንግ ታብሌት ሲከፈት ኖክስ የተባለው የደኅንነት ምልክት በቺፑ ውስጥ በቋሚነት ይለወጣል፤ ታብሌቱ ወደ ቀድሞው ስርዓት ቢመለስም ምልክቱ አይመለስም።

ለ. አምራቹ ባይፈቅድም የቴክኒክ ቀዳዳ የተገኘባቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው የተወሰኑ የፋየር ሞዴሎች፣ ከእነዚህም በ2018 በወጣው ፋየር ኤችዲ 8፣ በቺፑ የፋብሪካ ትእዛዝ ውስጥ ያለ ስህተትን በመጠቀም ቡትሎደሩን መክፈት ተችሏል። ይህ ትእዛዝ በቺፑ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ ስለሆነ ስህተቱ በኢንተርኔት በሚላክ ማዘመኛ አይታረምም። ነገር ግን በአንዳንድ ሞዴሎች ሥራው የታብሌቱን ሽፋን ከፍቶ በሰሌዳው ላይ ያለ ነጥብን በብረት ማገናኘትን ይጠይቃል። ዘግይተው ከተመረቱት ታብሌቶች መካከልም መግቢያው የተዘጋባቸው አሉ። ስለዚህ ተመሳሳይ ስምና መልክ ያላቸው ሁለት ታብሌቶች አንዱ ሲከፈት ሌላው ላይከፈት ይችላል።

ሐ. የታወቀ መንገድ የሌላቸው፦ አዳዲሶቹን አይፓዶች ጨምሮ ብዙ ታብሌቶች በዚህ ምድብ ይገኛሉ። የታወቀ ስም የሌላቸው ርካሽ ታብሌቶች ደግሞ አንዳንዴ ቡትሎደራቸው ቢከፈትም ተስማሚ ስርዓት አይገኝላቸውም። ምክንያቱም አምራቾቹ የስርዓቱን እምብርት ኮድ እንዲያትሙ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ቢያስገድዳቸውም ብዙዎቹ አያትሙም። ኮዱ ካልተገኘ ንክኪውን፣ ዋይፋዩን ወይም ካሜራውን የሚያሠራ ስርዓት ማዘጋጀት አዳጋች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ጀምሮ ስርዓቱን ከመሣሪያው ልዩ ክፍል የሚለይ አሠራር በመዘርጋቱ፣ ለብዙ ታብሌቶች በጋራ የተዘጋጁ አጠቃላይ ስርዓቶችን መሞከር ተችሏል፤ ሁሉም ክፍል ለመሥራቱ ግን ዋስትና የለም።

4. ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶች

• የመረጃ መጥፋት፦ ቡትሎደር ሲከፈት በታብሌቱ ውስጥ ያለው ፎቶ፣ ሰነድና መልእክት በአብዛኛው ወዲያውኑ ይሰረዛል። ይህ ስህተት ሳይሆን ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ነው።
• የታብሌቱ ከጥቅም ውጭ መሆን፦ የሌላ ሞዴል ፋይል መጫን፣ በሥራው መካከል ኃይል መቋረጥ፣ ወይም ወደ አሮጌ ስሪት መመለስን በሚከለክል ታብሌት ላይ አሮጌ ስሪት መጫን ታብሌቱ ፈጽሞ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።
• የዋስትና መቋረጥ፦ አምራቾችና ሻጮች የተከፈተን ታብሌት በዋስትና ለመጠገን ፈቃደኛ ላይሆኑ ይችላሉ።
• የክፍያ መተግበሪያዎች አለመሥራት፦ የሞባይል ባንክና የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች የስርዓቱ ደኅንነት ያልተነካ መሆኑን የሚፈትሹ ከሆነ በተከፈተ ታብሌት ላይ አገልግሎት ሊከለክሉ ይችላሉ። ታብሌቱን ለሱቅ ሒሳብ ወይም ለክፍያ የሚጠቀም ሰው ይህን በቅድሚያ ማጤን ይኖርበታል።
• የቪዲዮ ጥራት መቀነስ፦ የፊልም አገልግሎቶች በተከፈተ መሣሪያ ላይ ዝቅተኛ ጥራት ብቻ ሊፈቅዱ ይችላሉ።
• የደኅንነት መላላት፦ የተከፈተ ቡትሎደር ያለው ታብሌት በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ስርዓቱን መቀየር ቀላል ይሆናል።

5. የሕግ ሁኔታ

ታብሌትን መክፈት በየአገሩ የተለያየ የሕግ አያያዝ አለው። በአሜሪካ የቅጂ መብት መቆለፊያን ማለፍ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ሲሆን፣ በየሦስት ዓመቱ ልዩ ፈቃዶች ይታያሉ። በዚህም ስልኮች እ.ኤ.አ. በ2010 ሲፈቀዱ፣ ለታብሌቶች የቀረበው ጥያቄ በ2012 ውድቅ ተደርጎ በ2015 ተቀባይነት አግኝቷል። ፈቃዱ ባለቤቱ በሕጋዊ መንገድ የተገኙ መተግበሪያዎችን ለመጠቀም እንዲችል የተሰጠ እንጂ አምራቹን እንዲተባበር የሚያስገድድ አይደለም።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጭ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። በመሆኑም የመሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የፕሮጀክት ወይም በዱቤ ተወስዶ ክፍያው ያላለቀ ታብሌትን ያለ ንብረቱ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ መክፈት አይገባም። ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ሲመለስ የሌላ ሰው መለያና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ያገለገለ ታብሌትም የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ በፊቱ መለያውን እንዲያጠፋ መጠየቅ ይኖርበታል።

6. ከሥራው በፊትና በሥራው ጊዜ የሚከተሉት ቅደም ተከተል

1ኛ. የታብሌቱን ትክክለኛ የሞዴል ቁጥርና የስርዓት ስሪት በ«ቅንብሮች» ውስጥ ማረጋገጥና መመዝገብ። የሞዴሉ ስም ብቻውን በቂ አይደለም፤ የወጣበት ዓመትና ትውልድም መታወቅ አለበት።

2ኛ. ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ ስርዓትና መመሪያ መኖሩን፣ ስርዓቱ በቅርብ ጊዜ የታደሰ መሆኑን እና የማይሠሩ ክፍሎች ዝርዝር መኖሩን ማየት። መመሪያውን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ መጀመር አይመከርም።

3ኛ. መረጃን በኮምፒውተር ወይም በውጭ ማከማቻ ላይ መገልበጥና የተገለበጠው ፋይል የሚከፈት መሆኑን መፈተሽ።

4ኛ. የአምራቹን የመጀመሪያ ስርዓት ፋይል አስቀድሞ ማውረድ። ለውጡ ካልተሳካ መመለሻው ይህ ነው።

5ኛ. የሚጫነውን ፋይል ከአዘጋጆቹ ይፋዊ ገጽ ብቻ መውሰድና የፋይሉ መለያ ቁጥር ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ማነጻጸር። ከማይታወቅ ሰው በመልእክት የተላከ ስርዓት የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ሊይዝ ይችላል።

6ኛ. ባትሪውን መሙላት፣ ጉዳት የሌለበት የመረጃ ገመድ መጠቀም፣ የመብራት መቋረጥ የሚያጋጥም ከሆነም ባትሪው በሚገባ የተሞላ ላፕቶፕ ማዘጋጀት።

7ኛ. በመመሪያው ቅደም ተከተል መሠረት ቡትሎደሩን መክፈት፣ የመልሶ ማግኛ ፕሮግራሙን መጫን፣ ቀጥሎም ስርዓቱን መጫን። አንድ እርምጃ ካልተሳካ ወደሚቀጥለው መሄድ አይገባም።

8ኛ. አዲሱ ስርዓት ሲነሳ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ባትሪ መሙያና የአማርኛ ጽሑፍ መሥራታቸውን መፈተሽ።

9ኛ. የአምራቹ ያልሆነ ስርዓት እያለ ቡትሎደሩን መልሶ አለመቆለፍ። መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ይህ ታብሌቱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

7. ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጡ ተገልጋዮች

ታብሌቱን ለጥገና ሱቅ ከመስጠት በፊት መረጃውን ገልብጦ ከታብሌቱ ማጥፋት፣ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎችን ማስወገድ፣ ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ ማውጣት ይገባል። የሞባይል ገንዘብ ምሥጢር ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም። ባለሙያው የሚጫነውን ስርዓት ስም፣ ዋጋውን እና ሥራው ካልተሳካ ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን በደረሰኝ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ማንኛውንም ታብሌት እከፍታለሁ» የሚል አቅራቢ በክፍል 3 ከተገለጸው አንጻር በጥንቃቄ መታየት አለበት።

8. አዲስ ታብሌት ለመግዛት ላሰቡ

ስርዓተ ክወናውን ወደፊት የመቀየር ፍላጎት ያለው ሰው ውሳኔውን ከግዢ በፊት ቢያደርግ ወጪ ይቆጥባል። አምራቹ ቡትሎደር መክፈትን ይፈቅዳል ወይ? ለሞዴሉ ይፋዊ አማራጭ ስርዓት አለ ወይ? አምራቹስ ለስንት ዓመት ማዘመኛ ለመላክ ቃል ገብቷል? እነዚህን ጥያቄዎች በውጭ አገር ለሚገዛ ዘመድ አስቀድሞ መላክ ይጠቅማል። መክፈት የማይቻልና ማዘመኛ የማይላክለት ታብሌት ለመጻሕፍት ንባብ፣ ለተቀዱ ትምህርቶችና ከኢንተርኔት ውጭ ለሚሠሩ መተግበሪያዎች ሊያገለግል ይችላል፤ ለባንክ፣ ለክፍያና የግል መረጃ ለሚጠይቁ አገልግሎቶች ግን እንዳይውል ይመከራል።