ከአየር እስከ ማሳ፦ ዩሪያ የተገኘበት የብረት ገጽ

ለደቡብ ወሎ አርሶ አደር የሚቀርበው ዩሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ያለው መንገድ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት እንግዳ አይደለም። ከመርከቡ በፊት ስላለው መንገድ ግን ብዙ አይነገርም። ያ መንገድ የሚጀምረው ከአየር ሲሆን የሚያልፈውም በብረት ገጽ ላይ ነው።

የሰው ልጅ ከሚተነፍሰው አየር 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አያድግም። ሆኖም በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት አተም ሆኖ በጽኑ ስለተጣበቀ ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሀበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን አዋሕዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። የተጠቀመበት ኦስሚየም የተባለው ብረት ግን እጅግ ብርቅ ነበር። ስለዚህ በቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ኩባንያ አልዊን ሚታሽና ባልደረቦቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አድርገው፣ ከስዊድን የመጣ የብረት ማዕድን ጥቂት ቅመሞች ሲጨመሩበት ሥራውን እንደሚሠራ አረጋገጡ። በካርል ቦሽ መሪነት የተገነባው የኦፓው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 ማምረት ጀመረ። ያው አሞኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ መሥሪያም ውሏል።

ብረቱ ምን ይሠራል? የወፍጮ ድንጋይ እህሉን ይፈጫል እንጂ ከዱቄቱ ጋር አይሄድም። ብረቱም እንደዚሁ ነው። በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ናይትሮጅኑ በብረቱ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ጥንዱም ይለያያል። ከዚያ ሃይድሮጅን አንድ በአንድ እየተጨመረበት አሞኒያ ሆኖ ይለቃል፤ ቦታውን ለሌላ ይተዋል። ገጹ አጥብቆ ባይዝ ጥንዱ አይለያይም፤ ከመጠን በላይ ቢይዝ ደግሞ የተለጠፈው አይለቅም። የብረት ጥቅሙ መካከለኛ መሆኑ ነው። ይህን ጀርመናዊው ገርሃርድ ኤርትል ደረጃ በደረጃ መርምሮ፣ ከሁሉ የሚዘገየው የናይትሮጅኑ መለያየት መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2007ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ፋብሪካው ከተከፈተ ከዘጠና ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

በኢትዮጵያ ማዳበሪያ ለአርሶ አደሩ በሰፊው መተዋወቅ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ በአርሲ የተቋቋመው ካዱ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ የተጎዳው ወሎ የምርታማነትን ጉዳይ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላም ዩኒየኖች በማዳበሪያ አቅርቦት ድርሻቸው ጎልቷል።

ለአሞኒያ የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ በመሆኑ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያም ይወደዳል፤ በ2014 ዓ.ም. የታየው ይኸው ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈረመው ስምምነትም የአገር ውስጡን ጋዝ መሠረት ያደረገ ነው።

50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ አፈር ሳይለብስ ቢቀር ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል፤ በብዙ ድካም ከአየር የተወሰደው፣ አርሶ አደሩም የከፈለበት ማለት ነው። ስለዚህ እርጥበት ሲኖር ከፋፍሎ መጨመርና አፈር ማልበስ ብር መቆጠብ ነው። ባቄላን፣ ምስርንና ሽምብራን ማፈራረቅም እንዲሁ፤ በሥራቸው እባጭ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያንኑ ናይትሮጅን ያለ ፋብሪካ ይለያያሉና። እነርሱም የሚሠሩት ብረት ባለበት ኢንዛይም ነው።