የጀርመን የባህል ልብስና የቤተሰብ በዓላት ታሪክ

የጀርመን የባህል ልብስ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የባቫሪያን ነው። የሴቶቹ ዲርንድል ወገቡ ጠበቅ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ከፊት ሽርጥ የሚታሰርበት ቀሚስ ነው፤ የወንዶቹ ሌደርሆዘን ደግሞ ማንገቻ ያለው የቆዳ ሱሪ ወይም ቁምጣ ነው። ይሁን እንጂ ጀርመን እስከ 1871 (ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ መንግሥት አልነበረችም። ምድሪቱ ለብዙ መሳፍንትና ነጻ ከተሞች፣ እምነቷም ለካቶሊክና ለፕሮቴስታንት ተከፋፍሎ ስለኖረ ልብሱም የበዓል አከባበሩም ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል። ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ የሚመስለው ይህ ልብስና ይህ በዓል ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ግን በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ መልክ የሰጡትም ገበሬዎች ብቻ አልነበሩም።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ሰው የፈለገውን አይለብስም ነበር። በ1530 በአውግስቡርግ የወጣው የቅዱስ ሮማ ግዛት ደንብ ለገበሬ፣ ለከተሜና ለመኳንንት የሚፈቀደውን ጨርቅና ጌጥ ለይቶ ይደነግጋል። ገበሬው በሀገሩ በተሠራ ጨርቅ እንዲወሰን፣ ወርቅ፣ ሐርና ዕንቁ እንዳይነካ ይከለክላል። የደንቡ ዓላማ ማንኛውም ሰው ገና ከሩቅ ሲታይ ደረጃው እንዲታወቅ ነበር። ከተሞችና መሳፍንት ተመሳሳይ ደንብ ደጋግመው ማውጣታቸው ግን ሕዝቡም ደጋግሞ ይጥሰው እንደነበር ያሳያል።

ደንቦቹ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እየላሉ ሲሄዱ ጥሪት ያለው ገበሬ ሀብቱን በልብሱ ማሳየት ጀመረ። በየሙዚየሙ የሚታዩት በጥልፍና በብር ቁልፍ ያጌጡ የገጠር ልብሶች አብዛኞቹ የዚህ ዘመንና የተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ሥራዎች ናቸው። ልብሱ ስለ ለባሹ ብዙ ይናገር ነበር። በሄሰን ግዛት በሽቫልም አካባቢ ቀይ የልጃገረዶች ቀለም ነው፤ አረንጓዴ የወጣት ባለትዳሮች፣ ሐምራዊ በዕድሜ የገፉት፣ ጥቁር ደግሞ የአሮጊቶችና የሐዘንተኞች ነበር። በሽቫርትስቫልድ ጫካማ ተራሮች ያሉ ሦስት የፕሮቴስታንት መንደሮች፣ ጉታኽ፣ ኪርንባኽና ራይኸንባኽ፣ ቦለንሁት የሚባል ባርኔጣ አላቸው። ባርኔጣው ከገለባ ተሠርቶ 14 የሱፍ ድቡልቡሎች ይሰፉበታል፤ ክብደቱም እስከ 2 ኪሎ ይደርሳል። ልጃገረዶች በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ማጽናት ከተፈጸመላቸው በኋላ ቀዩን ያደርጋሉ፤ ሲያገቡ በጥቁር ይለውጡታል። የሦስት መንደር ንብረት የሆነው ይህ ባርኔጣ የሽቫርትስቫልድ ሁሉ ምልክት ሆኖ መታወቁ በ1917 ለመድረክ ከበቃው የአካባቢው ልጃገረድ ኦፔሬታና በ1950 ከተሠራው ፊልሙ ጋር የተያያዘ ነው።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲቃረብ የባቡር ሐዲዱ የፋብሪካ ጨርቅ ወደ ገጠር ይዞ ገባ። ርካሽና ቀላል ስለነበር የገበሬው ልጅ የአባቱን ካባ ሳጥን ውስጥ ትቶ እንደ ከተሜ መልበስ ያዘ። ልክ በዚሁ ጊዜ ከተሜውና ቤተ መንግሥቱ ገበሬው የሚተወውን ልብስ መውደድ ጀመሩ። በባቫሪያ ይህ ፍቅር ፖለቲካም ነበረበት። ግዛቱ በናፖሊዮን ዘመን ከፍራንኮንያ፣ ከሽዋቢያና ከሌሎች አዳዲስ አውራጃዎች ጋር ተጣምሮ የተሰፋ በመሆኑ የቪተልስባኽ ነገሥታት ሕዝቡን አንድ የሚያደርግ ነገር ይፈልጉ ነበር። ልዑል አልጋ ወራሽ ሉድቪግ በጥቅምት 1810 ልዕልት ቴሬዘን ሲያገባ በሙኒክ ዳርቻ የተደረገው የፈረስ እሽቅድምድም የኦክቶበርፌስት መጀመሪያ ሆነ። በ1835 የጥንዶቹ የብር ኢዮቤልዩ ሲከበር ከየአውራጃው የመጡ ሰዎች በየአካባቢያቸው ልብስ በሰልፍ አለፉ። በ1842 ልጃቸው ማክሲሚልያን ሲያገባ ደግሞ 35 ጥንድ ሙሽሮች የየሀገራቸውን ልብስ ለብሰው በሙኒክ ተዳሩ። ከዚህ በኋላ የገጠር ልብስ የዕለት ልብስ መሆኑ እየቀረ የበዓል ልብስ እየሆነ ሄደ።

ዲርንድል ከዚህ ሁሉ የተለየ መነሻ አለው። በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያሉ የገጠር ሠራተኛ ሴቶች ለጓዳና ለጋጣ ሥራ የሚለብሱት፣ በቀላሉ የሚታጠብ ቀሚስ ነበር፤ ሽርጡም ለጌጥ ሳይሆን ከእድፍ ለመከላከል ይታሰር ነበር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሙኒክ፣ የቪየናና የበርሊን ባለጸጎች የበጋውን ወራት በሐይቆቹ ዳር ሲያሳልፉ ሴቶቻቸው ይህን ቀሚስ ለመዝናኛ ለበሱት፤ ጨርቁን በሐርና በአበባ ሕትመት አሻሻሉት። ከተሜው ለብሶት ከከበረ በኋላ ወደ ገጠር የበዓል ልብስ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬ የሽርጡ ቋጠሮ በግራ ከሆነ ያላገባች፣ በቀኝ ከሆነ ያገባች ናት የሚባለውም የቅርብ ዘመን ልማድ ነው።

ዲርንድልን በየከተማው ካስፋፉት መካከል ዩሊየስና ሞሪትዝ ቫላኽ የተባሉ አይሁዳውያን ወንድማማቾች ቀዳሚ ናቸው። በሙኒክ የባህል ልብስና የእጅ ጥበብ ሱቅ ከፍተው ከየመንደሩ ያረጁ ልብሶችን እየሰበሰቡ፣ ጥለቱንና አሠራሩን እያጠኑ አዲስ ያሠሩ ነበር። ኦክቶበርፌስት በ1910 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር የሰልፉን ልብስ ያቀረቡት እነሱ ናቸው። በ1930 በርሊን ላይ ለታየውና በኦስትሪያ ቮልፍጋንግ ሐይቅ ዳር ታሪኩ ለሚፈጸመው ነጩ ፈረስ ለተሰኘው ኦፔሬታም ልብሱን አዘጋጅተዋል፤ ከዚያ ትርኢት በኋላ ዲርንድል የፋሽን ልብስ ሆነ። ናዚዎች በ1938 ድርጅታቸውን በግዳጅ አሸጧቸው። በዚያው ዓመት በሳልትዝቡርግ አይሁዳውያን ዲርንድል፣ ሌደርሆዘንም ሆነ ነጭ ረጅም ካልሲ እንዳይለብሱ በፖሊስ ትእዛዝ ተከለከሉ፤ ትእዛዙን የጣሰ በገንዘብ ወይም በእስራት ይቀጣ ነበር። ሞሪትዝ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ወንድማቸው ማክስ ከነባለቤቱ በ1944 በአውሽዊትዝ ተገደለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሱቁ ለቤተሰቡ ተመልሷል። የባቫሪያ ልብስ ታሪክ ያለ እነዚህ ሰዎች ስም ቢጻፍ ሐሰት ይሆናል።

ናዚዎቹ ልብሱን ለራሳቸው ዓላማ ሊያውሉት ሞክረዋል። በኢንስብሩክ በጌርትሩድ ፔሰንዶርፈር የሚመራ ጽሕፈት ቤት አቋቁመው የየአካባቢውን ልብስ «አደሱ»፤ የቤተ ክርስቲያንን ጨዋነት የሚያስታውሰውን ከፍ ያለ አንገትጌ አስወገዱ፣ ወገቡን አጠበቡ። ከዚያ ዘመን የመጡ ቅርጾች ምንጫቸው ሳይታወቅ ዛሬም በብዙ ቀሚሶች ላይ ይገኛሉ።

የቆዳው ሱሪ መንገድ አጭር ነው። በዓሣ ዘይት ለፍቶ የለሰለሰ የአጋዘን ቆዳ እሾህንም ኮርቻንም ስለሚቋቋም የአዳኞችና የእንጨት ቆራጮች ልብስ ነበር። ሰዎች እየተዉት ሲመጡ የባይሪሽሴል መንደር መምህር ዮሴፍ ፎግል በ1883 ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ልብሱን የሚጠብቅ የመጀመሪያውን ማኅበር መሠረተ። ጉልበት የሚያጋልጠው ቁምጣ አንዳንድ ካህናትን አስቆጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማኅበራቱ በዝተው ዛሬ በመላው ባቫሪያ ይገኛሉ።

የበዓላቱም ታሪክ ተመሳሳይ ለውጥ ያሳያል። ገና ለረጅም ዘመን በቤተ ክርስቲያንና በአደባባይ የሚከበር በዓል ነበር፤ ልጆችም ስጦታ የሚቀበሉት በታኅሣሥ 6 በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ነበር። ሉተርና ተከታዮቹ የቅዱሳንን ክብረ በዓል ስላልተቀበሉ ስጦታውን ወደ ክርስቶስ ልደት አዛወሩት፤ ሰጪውም ሕፃኑ ክርስቶስ ነው ተባለ። ኒቆላዎስ ግን አልጠፋም። ዛሬም ልጆች በዋዜማው ጫማቸውን ወልውለው በር ላይ ያስቀምጡና ጠዋት ለውዝ፣ ብርቱካንና ጣፋጭ ያገኙበታል። ስጦታው በሁለቱም ቀን መሰጠቱ ለልጆቹ ትርፍ ነው።

ከገና በፊት ያሉት አራት እሑዶች፣ አድቬንት የሚባሉት፣ እንደ ጾመ ነቢያት የጾም ወቅት ነበሩ። ቅቤ ስለማይፈቀድ በድሬስደን የሚጋገረው የገና ዳቦ ሽቶለን በዘይት ብቻ ይሠራ ነበር። የሳክሶኒ መሳፍንት ልመና አቅርበው የሮማው ሊቀ ጳጳስ ኢኖሰንት ስምንተኛ በ1491 በቅቤ እንዲሠራ ፈቀዱ፤ ዛሬ የሚታወቀው በቅቤና በዘቢብ የከበደ ሽቶለን ከዚያ ፈቃድ በኋላ የመጣ ነው። በከተማዋ የገና ገበያ ደግሞ ከ1434 ጀምሮ ይታወቃል። የአድቬንቱ የሻማ አክሊል ግን ከዚህ በዕድሜ በእጅጉ ያንሳል። ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለ ፓስተር በሐምቡርግ ለድሃ አደጎች ማሳደጊያ አቋቁሞ ነበር። ልጆቹ ገና መቼ እንደሚደርስ ዕለት ዕለት ሲጠይቁት በ1839 የጋሪ ጎማ አንጠልጥሎ ለሥራ ቀናት ትንንሽ፣ ለእሑዶቹ ትልልቅ ሻማ ተከለበትና በየቀኑ አንድ እያበሩ እንዲቆጥሩ አደረገ። ልማዱ ከፕሮቴስታንት ቤቶች ወደ ካቶሊኮች የተሻገረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ጎማውም ተረስቶ አራት ሻማ ያለው የቅጠል አክሊል ሆነ። በየቀኑ አንድ መስኮት የሚከፈትበትን የወረቀት አቆጣጠር ያስፋፋው የሙኒኩ አታሚ ጌርሃርድ ላንግም የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰው ነበር።

የገና ዛፍ ከአክሊሉም ከወረቀት አቆጣጠሩም ይቀድማል። በ1605 ከስትራስቡርግ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ ነዋሪዎቹ ጥድ መሰል ዛፍ ሳሎናቸው ውስጥ አቁመው በወረቀት ጽጌረዳ፣ በፖም፣ በቀጭን ቂጣና በወርቃማ ቅጠል እንደሚያስጌጡት ይገልጻል። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የላይኛው ራይን ከተሞችና የፕሮቴስታንት ባለጸጎች ልማድ ሆኖ ቆይቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሁሉም ቤት ገባ፤ ካቶሊኮችም ከግርግሙ ጎን አቆሙት። ከዚያ በእንግሊዝና በአሜሪካ አልፎ ዓለምን አዳረሰ፤ በገና ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የሚቆመው ያጌጠ ዛፍም ሐረጉ ከዚሁ ይመዘዛል።

ጌጡን የሠሩት ድሆች ነበሩ። በቱሪንጊያ ተራሮች ባለችው ላውሻ መንደር ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ቤተሰቡ በሙሉ በቤቱ ይሠራ ነበር፤ አባት ብርጭቆውን እያቀለጠ ይነፋል፣ እናት ውስጡን በብርማ ፈሳሽ ትቀባለች፣ ልጆች መንጠልጠያውን ይገጥማሉ። ከ1880 ጀምሮ አሜሪካዊው ነጋዴ ፍራንክ ዉልዎርዝ በብዛት ይገዛቸው ነበር። በኤርትስገቢርገ ተራሮች ደግሞ ማዕድኑ ሲመናመን ማዕድን ቆፋሪዎች ወደ እንጨት ሥራ ዞሩ፤ የዛይፈን መንደር የለውዝ መስበሪያ ወታደሮችና በሻማ ሙቀት የሚሽከረከሩ ግንብ መሰል ጌጦች ከዚህ የመጡ ናቸው። መሐል ከተማ ያለው ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚደሰትበት በዓል የተራራው ቤተሰብ የክረምት እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

በከተሜው መካከለኛ ክፍል ቤት የዋዜማው ሥርዓት በዚህ ዘመን ጸና። ወላጆች ሳሎኑን ቆልፈው ዛፉን በምስጢር ያስጌጣሉ። በታኅሣሥ 24 ምሽት ደወል ሲደወል በሩ ይከፈታል፣ የልደቱ ወንጌል ይነበባል፣ ይዘመራል፤ ከዚያ ስጦታው ይፈታል። የምሽቱ ምግብ በብዙ ቤት የድንች ሰላጣና ቋሊማ፣ በሌላውም ካርፕ የተባለ አሣ ነው፤ የተጠበሰ ዝይ በማግስቱ ይቀርባል።

በጥር 6 ልጆች እንደ ሰብአ ሰገል ለብሰው፣ ኮከብ ይዘው እንደ ቡሄ ጨፋሪዎች ከቤት ቤት እየዘመሩ በሩ ላይ ዓመቱንና ሦስት ፊደላት በጠመኔ ይጽፋሉ። ይህም የቆየ ልማድ ሲሆን ከ1959 ወዲህ በየሀገሩ ላሉ ችግረኛ ልጆች ገንዘብ ይሰበሰብበታል። የፋሲካ እንቁላል ከጾም ይመነጫል፤ በዐቢይ ጾም ስለማይበላ ይከማቻልና። እንቁላሉን ጥንቸል በአትክልት ቦታ ትደብቃለች የሚለው እምነት በሐኪሙ ጌኦርግ ፍራንክ በ1682 ተመዝግቦ ይገኛል። በላውዚትስ የሚኖሩት ስላቫውያን ሶርቦች ደግሞ እንቁላሉን በዝይ ላባ ጫፍ ሰም እየቀቡ ያቀልማሉ፤ ካቶሊኮቹ ወንዶች በፋሲካ ጠዋት ጥቁር ካፖርትና ከፍ ያለ ባርኔጣ አድርገው፣ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው የትንሣኤውን ብሥራት ከደብር ደብር ያደርሳሉ። በኅዳር 11 የቅዱስ ማርቲን ቀን ልጆች ፋኖስ ይዘው ሲዞሩ በቤቱ ዝይ ይታረዳል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ የተሠሩ የተራራ ፊልሞች ዲርንድልንና ሌደርሆዘንን የደስታ ልብስ አደረጓቸው። ማሞ ወልዴና ምሩፅ ይፍጠር የነሐስ ሜዳሊያ ባገኙበት በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ እንግዳ ተቀባዮቹ ሰማያዊ ዲርንድል ለብሰው ነበር፤ ከእነሱም አንዷ ሲልቪያ ዞመርላት በኋላ የስዊድን ንግሥት ሆናለች። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ልብሱን የሽማግሌ ነገር ብሎ ርቆት ቆይቶ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ወደ ኦክቶበርፌስት ሲሄድ እንደገና ለበሰው፤ ለዚያ የሚሸጠው አብዛኛው ግን ከማንኛውም መንደር ልብስ ጋር ዝምድና የለውም። መንደሩን የሚናገረው ልብስ የሚወጣው በሌላ ቀን ነው። በላይኛው ባቫሪያ ቤተሰብ ለሠርግ፣ ለቅዱስ ቁርባን ዑደት፣ በኅዳር 6 በባድ ቶልትስ ለሚደረገው የቅዱስ ሌዮናርድ የፈረስና የጋሪ ሰልፍ፣ አንዳንዱም ለገና ቅዳሴ ይለብሰዋል፤ እናት ለልጇ፣ አያት ለልጅ ልጇ የብር ሰንሰለቱንና የሐር ሻሹን ታወርሳለች። በሰሜን ጀርመን ግን የአካባቢው ልብስ በአብዛኛው በውዝዋዜ ቡድኖችና በሙዚየም ተወስኖ ቀርቷል።