ዐሥረኛው የአብርሃም ፈተና

በኦሪት ዘፍጥረት በ22ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር አብርሃምን እንደ ፈተነው ተጽፎአል። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ስለ ምን ይፈትናል? ፈተናን ማለፍስ ምንድር ነው? የአይሁድ መምህራን በዚህ ነገር ብዙ ተመራምረዋል።

በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የአብርሃምን ፈተና 10 አድርጎ ይቈጥርና በሁሉም ጸና ሲል «ቆመ» የሚለውን ግሥ ይናገራል። አለፈ አይልም። ያለፈ ሰው መከራውን ወደ ኋላው ትቶ ይሄዳል፤ የቆመ ግን ሸክሙን እንደ ያዘ በዚያው ይገኛል። ግሥ ላወረደ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በ1204 ዓ.ም. የሞተው ሙሴ ወልደ ማይሞን ፈተና የሚመጣው እግዚአብሔርን መፍራት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቅ ዘንድ ነው አለ። በ1270 ዓ.ም. የሞተው ሙሴ ወልደ ናሕማን ግን ፈተና መባሉ በተፈታኙ በኩል ነው፤ በልብ የተሰወረው በጎነት ወደ ሥራ እንዲወጣና ዋጋው የሥራ ዋጋ እንዲሆን ነው ብሎ ተረጐመ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። አይሁድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዕብራይስጥ የጻፉት ይህ መጽሐፍ ምሉዕ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ በቁምራን ዋሻ የተገኘው ዕብራይስጡ ቍርጥራጭ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጸሐፍት ብራና ፍቀው ባይገለብጡት ኖሮ ዓለም ሙሉውን ባላወቀ ነበር። በኩፋሌ ይስሐቅ ይሠዋ ዘንድ ነገሩን ያነሣው መስቴማ ነው፤ አብርሃም ታምኖ በተገኘ ጊዜም መስቴማ ያፍራል።

ነገር ግን መጽሐፉ ቍጥሩን በቢላዋው አይፈጽምም። ዐሥረኛው ፈተና የሣራ ሞት ነው። ምድሪቱ ሁሉ ለእርሱና ለዘሩ ተስፋ የተሰጠችው ሰው ሚስቱን የሚቀብርበት አንድ ስንዝር መሬት አልነበረውም። ይህ አገር የእኔ ነው ብሎ አልተከራከረም፤ በኬጢ ልጆች ፊት ለምኖ፣ በነጻ ውሰድ ሲሉት እምቢ ብሎ፣ ኦሪት እንደሚለው 400 ሰቅል ብር መዝኖ ገዛ። መላእክት የመረመሩት የልቡን ትዕግሥት ነበር፤ በአፉም ቍጣ አልተገኘበትም። ቢላዋ ማንሣት የአንድ ቀን ነው፤ በተስፋው ምድር እንግዳ ሆኖ መኖር ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ይህን ኦሪትና ይህን ኩፋሌ በግዕዝ ያነበቡ ቤተ እስራኤል ነገሩን በሥጋቸው ያውቁታል። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ ተብሎ ታወጀ ይባላል፤ እነርሱ የማይወዱት ፈላሻ የሚለው ስምም ፈለሰ ከሚለው ግሥ ጋራ ይያያዛል። አብርሃምም በኬጢ ልጆች ፊት ራሱን ፈላሲ ብሎ ነበር።

በ1862 ዓ.ም. (ይህ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሚሲዮናውያን ስብከት ባስጨነቃቸው ጊዜ፣ አባ ማሃሪ የተባሉ መነኵሴ ከጎንደር አካባቢ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ትግራይ እንደ ደረሱ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው። ባሕሩ አልተከፈለምና በፈተናው ወደቁ የሚል ሰው ኩፋሌን መለስ ብሎ ያንብብ፤ አብርሃምም ምድሪቱን ሳይወርስ ነው የቆመው። ከተረፉት አንዳንዶቹ በዚያው በትግራይ ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ፤ የሞቱትም በመንገድ፣ በሰው ርስት ተቀበሩ።