ፊደል ከመቁጠር እስከ ማስተዋል

በአገራችን የተማረውን ሰው ካልተማረው ለመለየት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረው ቃል «ፊደል የቆጠረ» የሚል ነው። ቃሉ ሲመረመር ያስገርማል፤ ሰውየው አነበበ ወይም ያነበበውን አስተዋለ አይልም፤ ቆጠረ ነው የሚለው። አነጋገሩ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣ ሲሆን፣ ፊደልን አንድ በአንድ በስንደዶ እየነኩ መጥራት የትምህርት ሁሉ በር እንደ ነበረ ያስረዳል። ነገር ግን ቆጥሮ የሚቀር ልጅ በዚያ ዘመን ነበረ፤ ዛሬም አለ። ይህን ልጅ ከመቁጠር ወደ ማንበብ፣ ከማንበብም ወደ ማስተዋል ለማሻገር መምህራን የደከሙት ድካም የራሱ ታሪክ አለው።

ድካሙ የሚጀምረው ከፊደሉ ከራሱ ነው። የግዕዝ ፊደላት 26 ናቸው፤ እያንዳንዱም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት መልክ ስለሚጻፍ 182 ይሆናል። አማርኛ እነ ሸንና ቸን፣ ኘንና ጀን፣ በጠቅላላው 7 ፊደላት ስለ ጨመረበት ቁጥሩ 231 ይደርሳል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ነው። በእርግጥ ፊደሉ ሥርዓት አለው። ካዕቡ በጐኑ ጭረት ሲጨምር፣ ሣልሱ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምሱም በእግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። ይህን ያስተዋለ ልጅ ያላየውን ፊደል እንኳ ሊደርስበት ይችላል፤ ምንም እንኳ እነ ሩና ፉ ከሥርዓቱ ቢያፈነግጡ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሳድሱ ነው። መልኩ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ ድምፁም አንድ አይደለም። «ልብ» በሚለው ቃል ያሉት ሁለቱ ፊደላት ሁለቱም ሳድሳን ናቸው፤ ሆኖም ፊተኛው ድምፅ ሲሰጥ ኋለኛው ጸጥ ብሎ ይቀራል። ሁለቱን በእኩል ድምፅ የሚጠራ ጀማሪ ፊደሎቹን አልሳተም፤ ቃሉን ግን ገና አልሰማውም።

የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ችግር በሚገባ ያውቁት ነበር ለማለት ያስደፍራል። ሕፃን ዜማ በቶሎ ይይዛል፤ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ሲያዜመው ስንደዶው ግን ሌላ ፊደል ላይ ቆሞ ይገኛል። ስለዚህም መምህሩ በተለመደው ተራ ብቻ አይረካም ነበር። ወደ ጐን የቆጠረውን ወደ ታች ያስቆጥረዋል፤ ከፊት ወደ ኋላ የሄደውን ከኋላ ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ከዚህም በላይ «አበገደ» የሚባለው ሌላ ተራ ከ«ሀለሐመ» ጋር አብሮ በገበታው ላይ ስለሚጻፍ፣ በቃል የያዘውና በዓይኑ የለየው ልጅ በዚያ ይታወቃሉ። ከዚህ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው፣ ከዮሐንስ መልእክት የተወሰደው ንባብ ይመጣል፤ እርሱም በቁጥር፣ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይመላለሳል። በቁጥር ልጁ ፊደሉን ለየብቻ ይጠራል፤ በመካከሎቹ ቃሉን በዜማ እየሳበ ያያይዛል፤ በቁም ንባብ ሳይደናቀፍ ያነበንባል። ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ የሚለየውም በዚሁ ነበር።

በዚህ ሥርዓት እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀስ ብሎ ማንበብ ስምና ማዕረግ ያለው መሆኑ ነው። ዘገምተኛው ልጅ ግዕዝ ንባብ ላይ ነው ይባላል እንጂ ማንበብ አልቻለም አይባልም። ክፍል የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ዓመቱ አለቀ ተብሎ ያልያዘውን ትቶ ወደማይችለው የሚያሻግረው አልነበረም፤ ከእርሱ ጥቂት የቀደመው ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ ያስቆጥረዋል። አለንጋው እንደ ነበረ አልረሳሁም፤ እርሱን የሚያመሰግን አይኖርም።

ይሁን እንጂ የዚህ ትምህርት ጉድለቱም ቀላል አልነበረም። የሚነበበው ግዕዝ ነው፤ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ግን ሌላ ቋንቋ ነው። 150ውን መዝሙረ ዳዊት የጨረሰ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው ደስታቸውን ይገልጹለታል፤ ያነበበውን ትርጉም ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ትርጉሙ የሚገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ነበርና፣ ወደዚያ ሳይደርሱ ከዳዊት ላይ የተመለሱት ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ እያነበቡ ሳያስተውሉ ኖረዋል።

በ1900 ዓ. ም. የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ. ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተከፈቱ ወዲህ እየተስፋፋ በሄደው በአስኳላው ትምህርት ንባብ የሚጀመረው በአማርኛ ሆነ፤ አማርኛ አፉን ለፈታበት ልጅ ማስተዋል ከመጀመሪያው ቀን ቀረበ ማለት ነው። እንዲያውም በአማርኛ ማስተዋል ከንባብ በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና «ዋና» የሚለውን ያየ ልጅ ስለ ወንዝ ወይም ስለ አለቃ የሚነገር መሆኑን ሳያውቅ በትክክል ሊጠራው አይችልም። «አለ» ቢያላሉት ተናገረ፣ ቢያጠብቁት ይገኛል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማንበብ፣ ኋላ መረዳት የሚለው አሳብ ለአማርኛ አይስማማም ባይ ነኝ።

አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነው ልጅ ግን ነገሩ የዳዊቱ ታሪክ ተደገመበት፤ ድምፁን ያወጣል፣ ነገሩ አይገባውም። በሐምሌ 1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ እስከ 15 ቋንቋዎች መድረሱ፣ በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም የመጀመሪያው ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ማድረጉ ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን የተደረጉ ትልልቅ እርምጃዎች ናቸው።

ነገር ግን አስኳላው የየኔታን ጉድለት ሲያርም የየኔታን ጥንቃቄ ጥሎት አልፏል። በተጨናነቀ ክፍል ገበታው ተሰቅሎ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያዜሙ፣ ማን በዓይኑ እንደሚያነብ፣ ማን በጆሮው እንደሚከተል አይለይም፤ ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚያስቆጥርም ጠፋ። በ2002 ዓ. ም. በየክልሉ የተማሪዎች ንባብ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ተገኙ። እነዚህ ከትምህርት ቤት ውጭ የቀሩ ልጆች አልነበሩም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ የቆዩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በ7 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ።

የሚቸገረውን ልጅ ለመርዳት 231ዱን ፊደል እስኪጨርስ መጠበቅ አያስፈልግም። የለንና የበን ዘሮች ብቻ የለየ ልጅ «ልብ»፣ «ላብ»፣ «ሌባ»፣ «ባል»፣ «በላ» ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ አምስቱንም ከእናቱ አፍ ሰምቷቸዋል። እንዲህ በጥቂት ፊደል ቃል መሥራት የለመደውን ልጅ፣ መምህሩ «ገና አልመጣም» የሚል ጽሑፍ ይስጠው። ብዙ ጊዜ ልጁ «ገና»ን አላልቶ ያነብበዋል፤ የቀረ ሰው ያለ ይመስለዋልና። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ስለ በዓሉ ዝግጅት የሚናገር ሲሆን ግን ቆም ይላል፤ ጣቱን ወደ ኋላ ይመልስና ማንም ሳያዘው ቃሉን አጥብቆ እንደገና ያነብበዋል።